ካሜራን በቆርቆሮ መለወጥ

አሮጌ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎችን አላምናቸውም። ሰዓት ሰብስበው ቀጠሮ ያረፍዳሉ፤ ጠመንጃ ሰብስበው አይጥ ይፈራሉ፤ ካሜራ ሰብስበው የልጃቸውን ልደት ጎረቤት ያነሳላቸዋል። ይህን የምለው ከቅናት እንዳይመስላችሁ። እኔም መጽሐፍ አከማቻለሁ። ነገር ግን በስክሪብቶ እየተጣላኋቸው ስለማነብ ከእኔ በኋላ የሚገዛቸው ሰው አይገኝም። አንድን ዕቃ ከሰብሳቢ እጅ ለማዳን እስካሁን የማውቀው ዘዴ ይኸው ነው፤ እየተጠቀሙ ማበላሸት።

ይህ አቋሜ የጠነከረው ቦንጋ ላይ፣ ሞባይል ስልክ ገና ኮረብታ ላይ ካልወጡ በማይሠራበት ጊዜ፣ የአክስቴን ካሜራ ለማሻሻጥ ደላላ በሆንኩበት ሰሞን ነው።

አክስቴ የአባቴ እህት ናት። ባለቤቷ በወጣትነቱ ከሌላ ክፍለ ሀገር መጥቶ ወደ ገበያ በሚወርደው መንገድ ዳር ፎቶ ቤት ከፈተ፤ ለብዙ ዓመታትም በከተማው ውስጥ ከእሱ ሌላ ፎቶ አንሺ አልነበረም። ካሜራውን የገዛው አገር ለቅቆ ከሚወጣ የውጭ ቡና ነጋዴ ነው። ጥቁር ቆዳ የለበሰ፣ ሲከፈት ፊቱ እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋ፣ ሲታጠፍ ዳጎስ ያለ የጸሎት መጽሐፍ የሚያህል የጀርመን ሥራ ነው። ጀርባው ላይ ጥፍር የምታህል የናስ ሰሌዳ በሁለት ጥቃቅን ብሎኖች ታስራለች፤ ቁጥርና ሁለት የባዕድ ፊደላት ተቀርጾባታል። ቤተሰቡ በሙሉ «ታርጋው» ይላታል።

ባልየው ሲሞት ለአክስቴ ካሜራውንና በሳሙና ካርቶኖች የታጨቀ ኔጋቲቭ ትቶላት ሄደ። ካሜራው ሥራ ፈታ። በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች ዲጂታል ካሜራና ኮምፒውተር አስገብተው፣ ደንበኛው ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ጉርድ ፎቶውን ያስረክቡት ነበር። ኔጋቲቮቹ ግን ሥራ አልፈቱም። በዙሪያው ካሉት አገሮች፣ ከደካም፣ ከሺሺንዳም፣ ከማንኪራም ሰው ይመጣል። «አባታችን አረፈ፤ ፎቶ የለንም፤ እዚህ ቤት ተነስቶ ያውቃል አሉን።» ካርቶኖቹ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። አክስቴ እጇን ታስገባለች፣ አንድ ቁራጭ ታወጣለች፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ትይዘዋለች፤ «ይኼ ነው?» ትላለች። አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ከዚያ ጅማ ይላክና ፎቶው ታትሞ ያድጋል፤ በፍሬም ሆኖ ለቅሶው ላይ ይቀመጣል።

ችግሩ ጣራው ነበር። ቦንጋ ላይ ዝናብ መቼ እንደሚጀምር የሚጠይቅ ሰው እንግዳ ነው፤ የአገሬው ሰው የሚጠይቀው መቼ እንደሚያቆም ነው። ቆርቆሮው ዝጎ ዝጎ ወንፊት ሆኗል። በየካርቶኑ ላይ ላስቲክ ብታለብስም እርጥበቱ ከሥር ይገባል። አንድ ቀን አንድ ኔጋቲቭ ዘርግታ አሳየችኝ። የሙሽሪትን አፍንጫ ሻጋታ በልቶታል።

«እቺ ሴትዮ ገና በሕይወት አለች» አለችኝ። «ስትሞት ልጆቿ አፍንጫ በሌለው ፎቶ ሊያለቅሱ ነው?»

የአክስቴ ጭንቀት ይኸው ነበር፤ ዋናው ዝናብ ሳይመጣ ቤቱን በአዲስ ቆርቆሮ ማስከደን። በእኔ የመምህር ደመወዝ ሊከደን የሚችለው ድስት ብቻ ነው። ስለዚህ ካሜራው ይሸጥ ተባለ፤ ደላላውም ብዙ አንብቧል የሚባለው የወንድሟ ልጅ ሆነ።

ብዙ ማንበብ ለአንዴም ቢሆን ጠቀመኝ። በአንድ አሮጌ የውጭ መጽሔት ላይ የእኛን የሚመስል ካሜራ አይቼ ነበር፤ ሥሩ የተጻፈው ዋጋ የማተሚያ ቤት ስህተት መስሎኝ ዘልዬዋለሁ። መጽሔቱን ፈልጌ አወጣሁና ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። መስመሩ ስትፈልግ ትመጣለች፣ ስትፈልግ ትሄዳለች። ሁለት ከሰዓት በኋላ ሙሉ ተቀምጬ፣ ስለ አሮጌ ካሜራዎች የሚያወሩ ሰዎች ዘንድ ደብዳቤ ላክሁ። በሳምንቱ መልስ የመጣው ከፈረንጅ አገር ሳይሆን ከአዲስ አበባ ነው፤ ከአንድ ጡረታ የወጡ ኢንጂነር። ስልክ ቁጥራቸውን ሰጡኝ፤ እኔም ኮረብታ ላይ ወጥቼ ደወልኩላቸው።

«አቶ» ብለው ጀመሩ፣ በጣም ቀዝቃዛ ድምፅ። «ጀርባው ላይ ሰሌዳ አለው?»

«አለው።»

«ቁጥሩን ሊያነቡልኝ ይችላሉ?»

ከወረቀቴ ላይ አነበብኩላቸው። እንድደግምላቸው ጠየቁኝ፤ ደገምኩላቸው።

«ወንድሜ» አሉ በመጨረሻ። «ማንም እንዳይነካው። እንዳይጸዳ፣ እንዳይወለወል፣ ፀሐይ ላይ እንዳይወጣ። እኛው እንመጣለን።»

ከአቶነት ወደ ወንድምነት ለማለፍ ሌላ ቦታ ዓመታት ይፈጃል፤ እዚህ አንድ ቁጥር በቃ። ያሉኝን ዋጋ ለአክስቴ ስነግራት ቤቱ በሙሉ ተከድኖ፣ ኩሽናውም ተከድኖ፣ ለጎረቤት የሚተርፍ ቆርቆሮ በዓይኗ ታያት።

«ብቻ እንዳትነኪው ብለዋል» አልኳት።

«ይኸን ሁሉ ዓመት ስነካው የኖርኩትን? አሁን ገና ነው የሚያፍረው?»

ሊመጡ የነበረው ቅዳሜ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ እሑድ ከሰዓት ደረሱ። ኢንጂነሩ በዕድሜ ከእሳቸው የሚያንስ አንድ የጥርስ ሐኪም ይዘው መጥተዋል፤ እሱም ካሜራ ሰብሳቢ ነው። ሁለቱ በመንገድ ላይ እንደተኳረፉ ከመኪናው አወራረዳቸው ያስታውቅ ነበር። ሰብሳቢዎች ወዳጅነታቸውም እንዲህ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሞት በትዕግሥት ይጠባበቃል።

አክስቴ ቆጮ በአይብ አቀረበች። ሐኪሙ ሁለቴ አስጨምሮ በላ፤ ኢንጂነሩ እጃቸው እንዳይወዛ ብለው በሹካ ቀመሱ። ከዚያ ጠረጴዛው ተጠረገ፤ ኢንጂነሩ ከኪሳቸው ነጭ ጓንት አውጥተው አጠለቁ።

አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «እጁን ታሞ ነው?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። አክስቴ አማርኛን የለመደችው በባሏ ፎቶ ቤት፣ ደንበኛውን የቤቱን ኮትና ኮፍያ እያለበሰች ስታስቀምጥ ነው። ካሜራ ፊት ሹምም ገበሬም አንድ ስለሆነ ሁሉንም ሰው አንተ ትላለች። አስተዳዳሪውን አንተ ብላቸዋለች፤ ጳጳስ ቢመጡም ያው ነው። ኢንጂነሩ ይህን በደንብ አልወደዱትም፤ ግን ካሜራው እስኪወጣ ይታገሣሉ።

ካሜራው ከነጨርቁ ወጣ። ኢንጂነሩ እንደ ጨቅላ ሕፃን በሁለት እጃቸው ተቀበሉት፣ ሌንሱን አዩ፣ ቆዳውን አሸተቱ። የወረዳ ግምገማ ላይ እንኳ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ገለበጡት፤ ፊታቸውም አብሮ ተገለበጠ።

«ሰሌዳዋስ?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሁለት የብሎን ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል፤ በመካከላቸው ያለው ቆዳ ከሌላው ይልቅ ጠቆር ብሎ ያበራል።

«ያነበቡልኝ ቁጥር ከየት የመጣ ነው፣ አቶ?» አሉ። ወንድምነቱ በዚያች ቅጽበት አበቃ።

አታላይ መባል ብዙም አያስጨንቀኝም፤ የምጽፈውን የሚያነቡ ሰዎች ከዚያ የባሰ ብለውኛል። ያስጨነቀኝ ካሜራው እንደተመለሰ ካርቶኖቹ የሚጠብቃቸው ዝናብ ነው። ጠረጴዛው ሥር ገባሁ፤ ጨርቁን አራገፍኩ፤ ካሜራው የነበረበትን ሳጥን ገለበጥኩ።

«ምን ትፈልጋለህ?» አለች አክስቴ። «ታርጋውን እኮ እኔ ነኝ ያወለቅኩት። በቢላዋ ጫፍ። ሐሙስ ዕለት።»

«ለምን?!» አልን ሦስታችንም።

«ሊሸጥ ነዋ!»

ይኼኔ ገባኝ፤ ሁለቱ እንግዶች ግን ቢያንስ ለጊዜው እብድ ቤት የገቡ መሰላቸው። በእኛ ቤት ላም ስትሸጥ ገመዷ ከሻጭ እጅ ሳይወጣ ከጭራዋ ጥቂት ጠጉር ይነቀላል። ጠጉሩ ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ይሰካል፤ በላዩ ላይ ጭቃ ይመረግበታል። ላሟ ትሂድ፣ ገዷ ግን ቤት ይቅር ነው ነገሩ። አባቴ ሲያደርገው አይቻለሁ። ከዚህ ሁሉ መጽሐፍ በኋላ፣ ካሜራም ጭራ ሊኖረው ይችላል ብዬ ማሰብ ነበረብኝ።

አክስቴ ለእንግዶቹ እንደ ትንንሽ ተማሪዎች ቀስ አድርጋ አስረዳች፤ ታርጋው ፊልም ይታጠብበት በነበረው የጨለማ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ጭቃ ተመርጎበታል። ኢንጂነሩ ጓንታቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉበት።

«እሺ፣ ይሁን። ግን ለምን ሰሌዳዋን? ከዚህ ሁሉ ነገር ለምን እሷን?»

«ሌላውማ ሥራ አለው» አለች። «ይኼ ይከፈታል፣ ይኼ ይጠመዘዛል፣ ይኼ ያያል። ሥራ የሌለው ታርጋው ብቻ ነው። ዓይኑን ላውጣልህ? ከላም ዓይን የሚነቅል ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«እትዬ፣ ይህን ካሜራ ከሌሎቹ የሚለየው ያቺ ሰሌዳ ናት! ያለሷ ተራ ካሜራ ነው። የዋጋው አብዛኛው እሷ ላይ ነው ያለው!»

«እንዴ፣ አንተ ይህን ሁሉ ጭቃ የመጣኸው ታርጋ ልትገዛ ነው?»

«እንደዚያ... ሊባል ይችላል።»

«መኪናውንስ ስትገዛ ታርጋውን ነው የገዛኸው?»

ሐኪሙ ሳል ያዘው። እኔም በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። አክስቴን ክንዷን ይዤ ወደ ጓዳ ወሰድኳት።

«አክስቴ፣ ጣራው!»

«ጣራው ምን ሆነ?»

«ያቺን ቁራጭ ናስ ከግድግዳው ካወጣናት ቤቱ በሙሉ ይከደናል። ካላወጣናት ሰውዬው ባዶ እጁን ይሄዳል። ሙሽሪቷን አስቢያት፤ አፍንጫዋን።»

«ሙሽሪቷን ሳስብ ነው ያደርኩት። ገዱን ሸጬ አዲስ ጣራ ሥር ብቀመጥ ጣራው ለማን ይበጃል?»

«ቤተ ክርስቲያን የምትሄጂ ሰው ነሽ። ፓስተሩ ይህን ቢሰማ ምን ይላል?»

«ፓስተሩ?» አለች፤ ድምፅዋን እንኳ ዝቅ አላደረገችም። «ባለፈው ዓመት ወይፈኑን ሲሸጥ እሱም ነቅሏል። በአጥር አይቼዋለሁ። ነጩን ጠጉር መርጦ ነው የነቀለው!»

ስንመለስ ኢንጂነሩ የጨለማው ክፍል በር ላይ ቆመው ግድግዳውን ይመረምሩ ነበር። አዲሱ ምርጊት ከአሮጌው ጭቃ ይለያል፤ የእጅ መዳፍ የሚያህል እርጥብ ቦታ። መሐንዲስ ናቸውና መፍትሔ አግኝተዋል።

«እትዬ፣ ሰሌዳዋን አይሽጡልኝ። ከግድግዳው ይህችን የምታህል ቁራጭ ይሽጡልኝ። በጥንቃቄ አስቆፍሬ በብሎኬት አስደፍናለሁ፣ አስለስናለሁ። ገዱ የተሰካበትን ጭቃ እንኳ አልነካም።»

አክስቴ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተደግፋ ሳቀች፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተችው። «ግድግዳዬንም በጓንት ልትነካው ነው?»

ኢንጂነሩ ዋጋ ጨመሩ። ሁለተኛም ጨመሩ። እሷ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፣ እኔ በሩ ላይ ጥፍሬን እበላለሁ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ዶማ ቢሰጡኝ ግድግዳውን ራሴ አፈርሰው ነበር። ስለ ባህል መከበር ብዙ ጽፌያለሁ፤ ጣራ ሲያፈስ ግን አስተያየቴ ይለወጣል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሐኪሙ ጠረጴዛው ጋ ብቻውን ነበር። ካሜራውን በባዶ እጁ አንስቶ ከፈተ፣ በመመልከቻው ወደ መንገዱ አየ፣ ወደ እኛ ዞረ።

«እትዬ፣ ፎቶ ያነሳል?»

አክስቴ ጭንቅላቷን መነቅነቅ አቆመች።

ያን ሰሞን ሁሉ ስንደዋወል፣ ስንጻጻፍ፣ ስንከራከር ይህን ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም። ኢንጂነሩ አልጠየቁም። እኔም፣ በሰብሳቢዎች ላይ የምዘብተው ሰውዬ፣ አልጠየቅኩም።

«እንዴት አያነሳም!» አለች፤ ተጠጋችው። «ግን ጠባይ አለው። ሲበርደው ዓይኑን ቶሎ አይጨፍንም። ባሌ ጠዋት ጠዋት ሸሚዙ ውስጥ ሆዱ ላይ ያሞቀው ነበር። ከሰዓት ከሆነ አያስቸግርም። ፊልም አለህ?»

ሐኪሙ ከቦርሳው ጥቅል ፊልም አወጣ። ይዞት የመጣው ለራሱ ሌላ ካሜራ ነው። አክስቴ ከእጁ ነጥቃ ራሷ አስገባችው፤ ጣቶቿ ሳያዩ ይሠሩ ነበር። ከዚያ ወንበር በረንዳው ላይ አወጣች፤ ዙሪያዋን ቃኘች።

«አንተ ና፣ ተቀመጥ» አለች ኢንጂነሩን።

«እኔ? እኔ እንኳን...»

«ና እንጂ! ብርሃኑ ሳይሄድ።»

ኢንጂነሩ ተቀመጡ። አክስቴ ትከሻቸውን ይዛ ወደ ግራ አዞረቻቸው፣ ሌባ ጣቷን አገጫቸው ሥር አድርጋ ወደ ላይ ገፋች። «ቀና! እንዲህ ካቀረቀርክ የለቅሶ ፎቶ ይሆናል። ጉልበትህን ግጠም። አፍህን ዝጋ፤ አይ፣ እንደዚያ አይደለም፣ የተቆጣህ ይመስላል።»

«ተቆጥቻለሁ እኮ፣ እትዬ።»

«ፎቶው ይህን አያውቅም።»

ሐኪሙ እስኪንቀጠቀጥ እየሳቀ አነሳ። ካሜራው «ጭክ» አለ፤ ዝቅ ያለ፣ ንጹሕ ድምፅ። አክስቴ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችውና «ደኅና ነው» አለች፤ በሽተኛ የጠየቀች ይመስል።

ከዚያ ሐኪሙ የራሱን ዋጋ ተናገረ። ኢንጂነሩ መጀመሪያ በስልክ ካሉኝ ጋር አይገናኝም፤ ለግድግዳው ከጠሩትም ያንሳል። በጭንቅላቴ ቆርቆሮውን ደረደርኩት፤ ግማሽ ጣራ ላይ ስደርስ አለቀ።

«ለሐኪሙ ነው» አለች አክስቴ።

«አክስቴ፣ ግማሹን እኮ ብቻ ነው የሚያስከድነው!»

«ሰማሁ። ግማሽ ጣራ ከየት አገኛለሁ ሌላ?»

«ኢንጂነሩ ገና ሊጨምሩ ይችላሉ።»

«እሱ ሳጥን ውስጥ ነው የሚቆልፍበት። ይኼ ያነሳበታል። ጨርሰናል፣ ልጄ።»

ሰብሳቢ ሐኪምም ቢሆን ሰብሳቢ ነው፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ሳጥን ውስጥ አልቆለፈበትም ብዬ አልምልም። ይህን ለአክስቴ አልነገርኳትም። ሁሉን ነገር መቃወም ልማዴ ቢሆንም፣ ፎቶ ያነሳል ወይ ብሎ የጠየቀው እሱ እንጂ እኔ አልነበርኩም።

ኢንጂነሩ ባዶ እጃቸውን አልሄዱም፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ከዚህ ያለ ማር አይመለስም። የማንኪራ ማር በጄሪካን አስቀድተው መኪናው ላይ ካስጫኑ በኋላ ወደ ጎን ጠሩኝ።

«ወንድሜ» አሉ፤ ወንድምነቱ ተመልሷል። «የጭቃ ግድግዳ ነው። ዝናብ ነው። ምናልባት በራሱ ጊዜ ቢወድቅ...»

«እደውላለሁ» አልኳቸው። ዋሸሁ። ሐኪሙ የፊት ወንበር ላይ ካሜራውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ኢንጂነሩ በሩን ዘግተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እስከ ጅማ ድረስ ምን እንደተባባሉ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

አናጺው በሳምንቱ መጣ፤ የትኛው ግማሽ ይከደን ብሎ ጠየቀ። አክስቴ ይህ ለምን እንደሚጠየቅ አልገባትም። የጨለማው ክፍልና አጠገቡ ያለው ተከደነ፤ መኝታ ቤቷ ከነወንፊቱ ቀረ። አልጋዋን በካርቶኖቹ መካከል አስገባች። እኔ ቤት መጥተሽ እደሪ ብላት፣ «መጽሐፍህ የት ያስተኛኛል?» አለችኝ፤ ትክክል ነበረች።

ዋናው ዝናብ የጀመረው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሻይ ልጠጣ ሄጄ እዚያው ተያዝኩ። አዲሱ ቆርቆሮ እንደ ከበሮ ይደበደባል፤ ለመነጋገር መጮህ ነበረብን። በዚህ መሀል ከደካ የመጡ ሁለት እህትማማቾች በጃንጥላ ደረሱ፤ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። አባታቸው ካረፈ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ፎቶ የላቸውም።

አክስቴ መቼ አካባቢ እንደተነሳ ጠየቀቻቸው፣ ካርቶኑ ላይ የነበረውን ላስቲክ ገለጠች፣ እጇን አስገባች። አንዱን አውጥታ መለሰች። ሁለተኛውን በጣቷ ጫፍ ዳበሰችው፣ ወደ እኔ ዘወር ብላ «ደረቅ ነው!» ብላ ጮኸች። ወደ መስኮቱ ይዛ አየችውና ለትልቋ ሰጠቻት።

ልጅቱ ረዘም ላለ ጊዜ አየች። «ግንባሩ የእሱ ነው» አለች። «ግን አባታችን ኮፍያ አድርጎ አያውቅም።»

«ምን?»

«ኮፍያ አያደርግም ነበር!»

«ኮፍያው የፎቶ ቤቱ ነው!» ብላ ጮኸችባት አክስቴ፣ ከቆርቆሮው በላይ። «ኮቱም የቤቱ ነው! ሥሩ ያለውን እዪው፣ ሥሩ ያለው የእናንተ ነው!»